ያረጀው ኮሮላ፣ የተመኙት ሙስታንግ እና የአባት ፒክአፕ፦ የአንድ ቤተሰብ የመኪና ውሳኔ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

መኪና የሚወድ ሰው ትንሽ ገንዘብ ሲቋጥር ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ «የቱን ልግዛ?» የሚል ነው። በዚህ ቤተሰብ ጉዳይ ላይ ግን ከእሱ የሚቀድም ጥያቄ ነበር፤ ነገ ጠዋት ሰው የሚጠብቀው መኪና የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ በፊት ስለ ፈረስ ጉልበትም ሆነ ስለ ቅርስ የተወራው ሁሉ ቤቱን ከማከራከር ያለፈ ፋይዳ አልነበረውም። ጉዳዩን ለመመዝገብ የወሰንኩት ተመሳሳይ ክርክር ብዙ ቤት ውስጥ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

የሰዎቹን ስምም ሆነ የሚኖሩበትን ቦታ አልጠቅስም። ገንዘብንም ከድርሻ ውጪ በአኃዝ አላስቀምጥም፤ ዋጋ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የነገሩ ቅደም ተከተል ግን አይለያይም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። እኔ የገባሁበት የባልየው የቆየ ጓደኛ በመሆኔና በሙያዬ መካኒክ በመሆኔ ነው።

ቤተሰቡና ሦስቱ መኪኖች

ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ይኖራሉ። ሁለቱም ሥራ አላቸው። ልጆቹን ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሰው ሚስትየዋ ናት፤ ማታ የሚመልሳቸው እሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአንድ የ1998 ቶዮታ ኮሮላ ስቴሽን ዋገን ነው። ሞተሩ ባለ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ ሲሆን ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። የጣሪያው ቀለም ነጥቷል፣ የኋላ በሩ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ መመታት ይፈልጋል።

ሁለተኛው መኪና የ1978 ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ኤፍጄ45 ፒክአፕ ነው። 2ኤፍ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር የቤንዚን ሞተር አለው። ከባልየው አባት የተወረሰ ነው። አባትየው ካረፉ ወዲህ ከጣሪያ ሥር እንደቆመ ነው፤ ለዓመታት ሞተሩ አልተነሳም።

ሦስተኛው ገና የእነሱ አይደለም። ለሽያጭ የቀረበ የ1967 ፎርድ ሙስታንግ ነው፤ ደማቅ ቀይ፣ ቪ8 ሞተር ያለው። ባልየው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው መኪና ይህ ነው። መስል ካር የሚባለው የጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች ዘር መነሻው ብዙ ጊዜ በ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጠራል፤ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ገደማ የሆነ ትልቅ ሞተር መካከለኛ መጠን ባለው መኪና ውስጥ ገባ። ሙስታንግ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወጣ። አነስ ያለ በመሆኑ ጠንቃቃ ሰዎች ለብቻው ይመድቡታል፤ በአድናቂዎች ልብ ውስጥ ግን ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ እኔም እዚህ አልለያቸውም።

ችግሩ

ኮሮላው ውሃ መጨረስ ጀመረ። ዳገት ላይና መንገድ ሲጨናነቅ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ይወጣል። የታየበት ጋራዥ «ቴስታታው መውረድ አለበት፣ ሞተሩም አብቅቷል፣ በዚህ መኪና ላይ ገንዘብ አታባክኑ» አለ። (ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው።) ባልና ሚስቱ አብረው ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበር፤ ከአንድ ነገር በላይ የሚበቃ አይደለም።

ባልየው ኮሮላውን እንዳለ ሸጦ፣ ገንዘቡን ጨምሮ ሙስታንጉን መግዛት ፈለገ። ሐሳቡ ሙስታንጉ ቅዳሜና እሑድ የደስታ መኪና፣ በሥራ ቀን ደግሞ የቤት መኪና እንዲሆን ነው። ታላቅ ወንድሙ በዚህ ተቃወመ፤ ገንዘቡ ሁሉ አባታቸው ባስቀሩት ፒክአፕ ላይ ይዋል፣ ላንድ ክሩዘር አይሞትም፣ ልጆቹም በእሱ ይሂዱ አለ። ሚስትየዋ ሁለቱንም ሰምታ የተናገረችው አጭር ነበር። «ስሙ ምንም ይሁን፣ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር የሚነሳ መኪና ነው የምፈልገው። ሁለት ልጅ ይዤ መንገድ ዳር መቆም ሰልችቶኛል።»

እስከዚህ ድረስ ከሦስቱ መኪኖች በአንዱም ላይ አንድም ነገር በመሣሪያ አልተለካም። ኮሮላው «አብቅቷል»፣ ሙስታንጉ «እንደ አዲስ ነው»፣ ፒክአፑ «አይሞትም» የሚሉት ፍርዶች ሁሉ በዓይንና በስሜት የተሰጡ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። ሦስቱም በአንድ ዓይነት መመዘኛ እስኪታዩ ድረስ ማንም ምንም አይሽጥ፣ ማንም ምንም አይግዛ። መመዘኛው የሞተሩ ጤና፣ ሸክም በሚሸከመው ብረት ላይ ያለው ዝገት፣ ፍሬንና መሪ፣ የመለዋወጫ አቅርቦት ነው። ቀለም፣ ወንበርና ድምፅ አልተካተቱም።

የኮሮላው ምርመራ

መጀመሪያ የረዳን መሣሪያ ሳይሆን የሚስትየዋ ደብተር ነው። ነዳጅ በሞላች ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የጨመረችውን ዘይት ወይም ውሃ ትጽፋለች። ደብተሩን ወደ ኋላ ስናገላብጥ ዘይት በሁለት ቅያሪ መካከል ከግማሽ ሊትር ብዙም ሳይበልጥ ሲጨመር ኖሯል። «ውሃ» የሚለው ቃል ግን የሚጀምረው ከጥቂት ወራት በፊት ነው፤ መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ በየሳምንቱ። ሞተሩ በሙሉ ያረጀ ቢሆን ዘይቱም አብሮ ይጨምር ነበር። አንዱ ብቻ መጨመሩ ፍለጋውን ወደ ማቀዝቀዣው ሥርዓት መራን።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ከተቃጠለ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይገባል። ይህን ለማወቅ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ተደርጎ ከውሃው በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ ይሳባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። የእኛው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ ሞተሩ በርዶ እያለ በእጅ ፓምፕ የራዲያተሩን ግፊት ከፍ አደረግን። መርፌው ቀስ እያለ ወረደ። በባትሪ መብራት ስንፈልግ የራዲያተሩ የላስቲክ ጋንና የብረቱ ክፍል የሚገናኙበት መስመር ላይ ነጭ ቅርፊት የመሰለ ነገር ደርቆ አገኘን፣ ከሥሩም ጠብታ ይወጣ ነበር። ክዳኑንም ለብቻው ሞከርነው፤ ግፊት አልያዘም። የራዲያተር ክዳን ብዙ ሰው የሚንቀው ዕቃ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ተጨማሪ ግፊት ሲይዝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ120 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ሲደክም ይህ ሁሉ መጠባበቂያ ይጠፋል።

በመጨረሻ ካንዴላዎቹን አውጥተን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለካን፤ 178፣ 175፣ 180 እና 172 ፒኤስአይ ሆነ። ለዚህ ሞተር ፋብሪካው የሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን 142 ነው፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ14 መብለጥ የለበትም። «አብቅቷል» የተባለው ሞተር ጤነኛ ነበር። ከሥር መኪናውን ተሸክመው የሚሄዱት ብረቶች ላይ ላዩን ብቻ የዛጉ ነበሩ። የቀረው ተራ ነገር ነው፤ የኋላ ሾክ አብሶርበሮች ደክመዋል፣ የአንድ ጆይንት ላስቲክ ተቀዷል፣ የታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ደብተሩም አያውቅም።

የሙስታንጉ ምርመራ

ባለቤቱን ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ለመንነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚናገረውን የሞቀ ሞተር ይደብቃል። በመጀመሪያ ሙከራ ተነሳ፣ ጭስ የለውም፣ የዘይት ግፊቱም ጥሩ ነው። ባልየው ማርሚታው አጠገብ ቆሞ ሲያዳምጥ ፊቱን አየሁት፤ በዚያች ሰዓት ቢጠየቅ ይፈርም ነበር። እንዲህ ዓይነት ፍቅር የሚናቅ አይመስለኝም። አንድ መኪና ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረው እንደዚህ የሚወዱት ሰዎች ስላሉ ነው።

እኔ ግን ጎማው ጋ ቁጢጥ ብዬ የቸርኬውን ሽፋን አነሳሁ። ዳዶዎቹ አራት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ሙስታንግ ቪ8 ሆኖ ከፋብሪካ ሲወጣ የጎማው ዳዶ አምስት ነው፤ አራት ዳዶ የሚሰጠው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ነበር። ኮፈኑን ከፍተን በሾፌሩ በኩል ባለው የውስጥ ፓራፋንጎ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገን አነበብን። በ1967 ሙስታንግ ቁጥር ላይ አምስተኛው ምልክት የሞተሩ ነው። «ሲ» ከሆነ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ነው፣ «ቲ» ከሆነ ባለ 200 ኪዩቢክ ኢንች ስድስት ሲሊንደር ነው። የእኛው «ቲ» ነበር።

ይህ የሚነካው የሰብሳቢዎችን ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀኝ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የተሠራው ለ120 ፈረስ ጉልበት ነው፤ 289ኙ በዝቅተኛው ዓይነቱ 200 ነበር። ሞተሩን የቀየረው ሰው የቀየረው ሞተሩን ብቻ ነው። ፍሬኖቹ የስድስት ሲሊንደሩ ባለ 9 ኢንች ታምቡር ናቸው፤ ቪ8ቱ ግን ባለ 10 ኢንች ነበረው። የኋላው ዲፈረንሻልም ትንሹ ባለ 7.25 ኢንች ሲሆን ቪ8ቱ ባለ 8 ኢንች ይሰጠው ነበር። የመሪው ዘንጎችም የቀላሉ ሞተር ናቸው። ሁለት ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ቁልቁለት ሲወርዱ የሚያስቆማቸው ይህ ፍሬን ነው። (በነገራችን ላይ ያ 200 የሚለው ቁጥር ከዛሬ መኪና ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። እስከ 1971 ድረስ አብዛኞቹ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጉልበት የሚለኩት ሞተሩን ያለ ማርሚታና ያለ ሌሎች ተጨማሪ ዕቃዎች አቁመው ነው፤ ከ1972 ጀምሮ የሚታወጀው ቁጥር የወረደው በከፊል አለካኩ ስለተቀየረ ነው።)

ቀጥሎ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ቀስ ብለን አፈሰስን። ባልየው በጀርባው ተኝቶ ከዳሽቦርዱ ሥር በመብራት ያያል። ብዙም ሳይቆይ በተሳፋሪው በኩል ጠብታ መውረድ ጀመረ። የዚህ ዘመን ሙስታንጎች የታወቀ በሽታቸው ነው። ያ ክፍል በሁለት ተደራራቢ ላሜራዎች የተሠራ በመሆኑ ውሃና ቅጠል ይጠራቀምበታል፣ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ አይታይም። ለመጠገን የፊት መስታወት ይወጣል፣ ፓራፋንጎዎቹ ይፈታሉ፣ የብየዳ ነጥቦቹ አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ ይከፈታሉ። ምንጣፉን ስናነሳ ወለሉ ላይ የተለጠፈ ላሜራ ነበር። ከኋላ ጎማው በስተኋላ ማግኔት አልያዘም፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

ሙስታንግ የተለየ ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ የጎን ብረቶቹና ቦዲው ተበይደው አንድ ላይ ናቸው መኪናውን የሚሸከሙት። ስለዚህ የወለል ዝገት የውበት ጉዳይ አይደለም።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር፣ ጎናቸው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ግን የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለዚህ መኪና የሚደነቀው ነገር የመለዋወጫው ብዛት ነው። ከትንሿ ቡሎን እስከ ሙሉ ቦዲ ድረስ ዛሬም እንደ አዲስ ይመረታል። ስለዚህ መዳን ይችላል። ለመዳን የሚፈልገው ግን ቢያንስ የመግዣውን ያህል ሌላ ገንዘብና ለብዙ ወራት ቆሞ መቆየት ነው። ባለቤቱም አላታለለም፤ እሱም በዚሁ ሁኔታ የገዛው ነው፣ የአምስተኛውን ምልክት ትርጉም የሰማው ከእኛ ነው። ያገኘነውን ሁሉ ነግረነው፣ አመስግነነው ወጣን።

የፒክአፑ ምርመራ

የፒክአፑ መልክ ከሦስቱም የከፋ ነው። የጋቢናው ወለል ተበስቷል፣ የካሶኒው የኋላ ተሻጋሪ ብረት በጣት ይፈርሳል። ሻንሲውን ግን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ እየመታን ሄድን፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የትም ቦታ አልታፈነም። ባሌስትራዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ላይ በካቻቪቴ ብንጎረጉርም ብረቱ አልሰጠም። በዚህ መኪና ሸክሙን የሚሸከመው ያ መሰላል የመሰለ ሻንሲ ነው፤ ጋቢናውና ካሶኒው ላዩ ላይ በቡሎን የተቀመጡ ናቸው። በመልክ ከሙስታንጉ እጅግ የባሰው ይህ መኪና በሚሸከመው ብረት ግን ይበልጠዋል።

ሞተሩን ቁልፍ አዙረን ለማስነሳት አልሞከርንም። ካንዴላዎቹን አውጥተን በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት አፍስሰን አሳደርነው፣ ከዚያ በረጅም ቁልፍ ከፊት ፑሊው ላይ በእጅ አዞርነው። ዞረ፤ አልነከሰም። ኮምፕሬሽኑ አምስተኛው ሲሊንደር ላይ ከሌሎቹ በግልጽ ያንሳል። ዘይት ጨምረን ደግመን ስንለካ ከፍ አላለም፤ የፒስተኑ ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ከፍ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ሄደ። የፍሬን ዘይቱ ጥቁር ቡና መስሏል። ዶት 3 የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ አዲስ ሆኖ ከ205 ዲግሪ በታች የማይፈላው እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ለዓመታት የቆመ መኪና የፍሬን ሲሊንደሮቹ በሙሉ አጠራጣሪ ናቸው።

ውሳኔው

የሦስቱም ምርመራ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክርክሩ ረገበ። ያን ቀን ለሁሉም ያቀረብኩት አንድ ጥያቄ ነው። ይህ መኪና ለአንድ ወር ቢቆም ማን ይቸገራል? ኮሮላው ቢቆም አራት ሰው ይቸገራል። ፒክአፑ ለዓመታት ቆሞ ማንም አልተቸገረም። ሙስታንጉ ከተገዛ ደግሞ ያለ ጥርጥር ለወራት ይቆማል፣ ግን በባልየው ዕቅድ ሰው የሚጠብቀው መኪና እሱ ነበር። የዕቅዱ ስብራት እዚህ ላይ ነው። ሰው በየቀኑ የሚጠብቀው መኪናና ለወራት ቆሞ ሰውን መጠበቅ የሚችል መኪና አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

የተስማሙት እንዲህ ነው። ኮሮላው መጀመሪያ ይጠገናል። ከቀረው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው ለኮሮላው መጠባበቂያ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። የተረፈው ለፒክአፑ ይሆናል፣ ግን በደረጃ። ሙስታንግ ለጊዜው ይቀራል። ታላቅ ወንድምየው ልጆቹ በፒክአፑ ይሂዱ የሚለውን ሐሳብ የተወው የፍሬኑን ሁኔታና ከኋላ የልጅ መቀመጫ እንደሌለው ስንነጋገር ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎችና የሠራው

ለኮሮላው አዲስ ራዲያተር፣ አዲስ ክዳንና ቴርሞስታት ገባ። ሥርዓቱ ታጥቦ በቧንቧ ውሃ ፋንታ ትክክለኛው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ተሞላ፤ የወጣው ዝቃጭ ብቻውን ብዙ ይናገር ነበር። በዚያው የታይሚንግ ቺንጋው፣ የጆይንቱ ላስቲክና ሾክ አብሶርበሮቹ ተቀየሩ። ወጪው ሙስታንጉን ለመግዛት ከታሰበው ትንሽ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ላይ «ውሃ» የሚል ቃል አልተጻፈም።

ለፒክአፑ አንድ ሕግ አወጣን። መኪናው ሁልጊዜ በራሱ አራት ጎማ ቆሞ መገፋት መቻል አለበት፤ አንድ ሥራ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ቅደም ተከተሉም ማቆም፣ ማስነሳት፣ መሄድ፣ በመጨረሻ ማማር ነው። ፍሬኑ መጀመሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፍሬን ፓምፑ፣ ሲሊንደሮቹና ቱቦዎቹ በሙሉ ተቀየሩ። ቀጥሎ የነዳጅ ታንኩ ወርዶ ታጠበ፣ ያረጀው ቤንዚን የተወው ሙጫ ከቱቦዎቹ ተጠረገ።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ከልቤ የወደድኩት የቫልቮቹን ክፍተት ያስተካከልንበትን ከሰዓት በኋላ ነው። የ2ኤፍ ሞተር የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ ሳለ ለመግቢያው 0.20፣ ለመውጫው 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኗን የመለኪያ ብረት የያዘችው ታላቋ ልጅ ናት። «ገባ አይደል የምትዪው መቼ ነው?» ስላት «ሳይላላም ሳይጠብቅም ትንሽ ሲጎትተኝ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አምስተኛው ሲሊንደር ላይ ስትደርስ ብረቷ ጨርሶ አልገባችም። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ በጣም ጠብቆ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም ነበር። ሲስተካከል ኮምፕሬሽኑ ከወንድሞቹ ጋር ተመጣጠነ። ቴስታታ ማውረድ የሚጠይቅ የመሰለ ችግር በአንድ ቁልፍና በአንድ ካቻቪቴ አለቀ።

ያልሠራው

ሕጉ የተጣሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ወንድማማቾቹ አንድ እሑድ ብቻቸውን ሆነው ካሶኒውን፣ በሮቹን፣ ወንበሩንና የጋቢናውን የውስጥ ዕቃ በአንድ ቀን ፈቱት። መፍታት ደስ ይላል፤ ማታ ሲሆን ብዙ የተሠራ ይመስላል። ቡሎኖቹን ሁሉ በአንድ ባልዲ ጨመሯቸው። በኋላ በሮቹን ለመመለስ የጠፋው ጊዜ ከፍሬኑ ሥራ በለጠ፤ ሁለት ማጠፊያዎችም ትክክለኛ ባልሆነ ቡሎን ጥርሳቸው ተበላ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዕቃ ከወጣበት ክፍል ስም ጋር በየላስቲኩ ይታሰራል፣ ከመፈታቱ በፊትም በስልክ ፎቶ ይነሳል።

ካርቡራተሩም አስቸገረ። ሞተሩ ቢነሳም ጋዝ ሲለቁት ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ወንድምየው ርካሽ አዲስ ካርቡራተር ገዛ፤ ምንም አልተለወጠም። በ2ኤፍ ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማስወጫው ማኒፎልዶች እርስ በርሳቸው በቡሎን ተያይዘው በአንድ ጓርኒሲዮን ነው ከቴስታታው ጋር የሚገጥሙት። በሙቀት ብዛት ከተጣመሙ አየር በጎን ይገባል። ሞተሩ ሳይግል፣ ገና እንደተነሳ፣ በመገጣጠሚያው ላይ በጥንቃቄ የካርቡራተር ማጽጃ ስንነፋበት የሞተሩ ዙር ጨመረ፤ ቀዳዳው እዚያ ነበር። ቶርኖ ቤት ወስደን ሁለቱን እንደተያያዙ ፊታቸውን አስላጭተን በአዲስ ጓርኒሲዮን ስንመልሳቸው፣ የፋብሪካው የድሮ ካርቡራተር ታጥቦ ያለ ችግር ሠራ። ለአዲሱ የተከፈለው ገንዘብ ባክኗል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመጠባበቂያው ገንዘብ ነው። ለፒክአፑ ፍሪሲዮን ሲያስፈልግ ባልየው ከኮሮላው ድርሻ ወሰደ፣ «በሚቀጥለው ወር እመልሰዋለሁ» ብሎ። በዚያው ወር የኮሮላው የፊት ኩሽኔታ መጮህ ጀመረ። የሚቀይሩበት ገንዘብ በመጥፋቱ ሚስትየዋ በዚያ ድምፅ ልጆቹን ስታመላልስ ሳምንታት አለፉ። ሲነጋገሩ ነበርኩ። አልጮኸችም። ደብተሩን ከፍታ ኩሽኔታው የጮኸበትን ቀንና ፍሪሲዮኑ የተገዛበትን ቀን ጎን ለጎን አሳየችው። ከዚያ በኋላ የመጠባበቂያው ገንዘብ የሚያዘው በእሷ እጅ ሆነ። ይህ ከመጀመሪያውም መሆን የነበረበት ነው፤ የመጠባበቂያ ገንዘብ ጠባቂ ፕሮጀክቱን የሚወደው ሰው መሆን የለበትም።

አሁን ያለበት

ኮሮላው በየቀኑ ይሠራል። ፒክአፑ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል፤ የፊት አክስሉ የመሪ ጉልበቶች ግራሶና ዘይት ስለሚያፈሱ ማኅተሞቻቸው ይቀራሉ፣ የጋቢናው ወለል ብየዳም አላለቀም። ቀለም አልተነሳም። ባልየው የሙስታንግ ፍላጎቱ አልቀነሰም፣ እንዲቀንስም አልመከርኩትም። የሚገዛበትን ሁኔታ ግን ከሚስቱ ጋር ተነጋግረው ጽፈውታል፤ ከአሁኑ ገንዘብ ያልተነካ ቁጠባ፣ ፒክአፑ ያለቀበት ጊዜ፣ ከፋብሪካ ቪ8 ሆኖ የወጣ፣ ውሃ ሲፈስበት ወለሉ የማይረጥብ መኪና።

ለሌላ ሰው የሚተርፈው

ተመሳሳይ ምርጫ ለገጠመው ሰው መጀመሪያ የምለው፣ የቤቱን አሮጌ መኪና ሳይለካ እንዳይፈርድበት ነው። ኮምፕሬሽን፣ የማቀዝቀዣ ግፊትና የጋዝ ምርመራ በአንድ ጠዋት ያልቃሉ። ሳይለኩ «አብቅቷል» የሚል ፍርድ ላይ ተመሥርቶ መኪና መቀየር ከሁሉ የሚያስከፍለው ውሳኔ ነው። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን እንኳ የተገኘው እውቀት ሌላውን ሁሉ ያቀልላል።

የሚወዱትን መኪና ለማየት ሲሄዱ የማይወደው ሰው አብሮ ይሂድ። ልብ ወደ ድምፁ ሲሳብ ዓይን ዳዶ አይቆጥርም። ዝገት ሲያዩም ስፋቱን ከማየት በፊት የዛገው ብረት ምን እንደሚሸከም ይጠይቁ፤ የተለየ ሻንሲ ባለው መኪና እና በሌለው መኪና ላይ አንድ ዓይነት ቀዳዳ የተለያየ ፍርድ አለው።

ፕሮጀክት መኪና በቤት ውስጥ እንዲኖር የሚያደርገው በጊዜ ሰሌዳ አለመታሰሩ ነው። «እስከ ልደቱ ይደርሳል»፣ «ክረምት ሳይገባ እንጨርሳለን» የሚሉ ቃሎች ሲሰጡ ከሌላው ነገር ላይ ጊዜና ገንዘብ መቁረጥ ይጀመራል። በዚህ ቤት ሥራው የተሳካው በየጊዜው አንድ ሙሉ ነገር ሲያልቅ ነው፣ የከሸፈውም ብዙ ነገር በአንዴ ሲከፈት ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለሁሉም ቤት እንዳለ አይወሰድም። ኮሮላው ኮምፕሬሽኑ የወደቀ ወይም የሚሸከመው ብረት የበሰበሰ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በሙሉ ወደ ሌላ ጤነኛ የቤት መኪና እንዲሄድና ፒክአፑ እንዳለ እንዲቆም እመክር ነበር። የፒክአፑ ሻንሲ በመዶሻው ሥር የታፈነ ድምፅ ቢሰጥ ደግሞ ለመለዋወጫ ይሸጥ እል ነበር፣ የአባት መኪና ቢሆንም። ለታላቅ ወንድምየው ይህን አስቀድሜ፣ መዶሻውን ከማንሳቴ በፊት ነግሬው ነበር፣ እሱም ተስማምቶ ነው ምርመራው የተጀመረው።